ፒዩት በጸሎት መካከል፦ ምኩራቦች ለምን ይለያያሉ?

ጥያቄ፦ እዚሁ ጎንደር ባለው ምኩራብ ጸሎት የምካፈል ሰው ነኝ። እስራኤል የምትኖረው እኅቴ በሮሽ ሃሻና (በአይሁድ አዲስ ዓመት) ዕለት የሄደችበት የአሽከናዞች (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ወገን) ምኩራብ ከሽማዕ («እስራኤል ሆይ ስማ» ከሚለው ጸሎት) በፊት ባሉት ቡራኬዎች መካከል ረጃጅም ግጥም ሲያዜም፣ በማግስቱ የሄደችበት የስፋራዶች (ከስፔን የመነጩ አይሁድ ወገን) ምኩራብ ግን ያን ሁሉ ሳይል ማለፉን ነገረችኝ። የትኛው ነው ትክክል? አያቶቻችን በግዕዝ ይጸልዩት የነበረውስ ከየትኛው ይመደባል?
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ፒዩት የሚባለውን ይህን የጸሎት ግጥም ሁሉም ወገን ይወደዋል፤ ያከራከረው የሚገባበት ቦታ ነው።

ፒዩት በእስራኤል ምድር ሲያብብ፣ ያናይ የተባለው ባለቅኔ ለየሳምንቱ የኦሪት ንባብ የሚስማማ ድርሰት ያዘጋጅ ነበር። በቅኔ ቤት ደጅ ላደገ ጎንደሬ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ኤልዓዛር ቃሊር ግን ቋንቋው እጅግ የተቋጠረ ስለሆነ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን አብርሃም ኢብን ዕዝራ በመጽሐፈ መክብብ ትርጓሜው እንቆቅልሽ ይበዛበታል፣ ሰዋስውም ይጥሳል ሲል ነቅፎታል። ነቃፊው ራሱ ስመ ጥር የፒዩት ደራሲ እንደነበረ ልብ ይሏል። አሽከናዞች የቃሊርን ድርሰቶች ይዘው ሲቆዩ፣ ስፋራዶች የስፔን ባለቅኔዎችን የነሰሎሞን ኢብን ገቢሮልንና የነይሁዳ ሃሌዊን መረጡ።

በ16ኛው መቶ ዘመን ረቢ ዮሴፍ ካሮ «ሹልሐን ዓሩኽ» በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው፣ በሽማዕ ቡራኬዎች መካከል ፒዩት ማስገባት ጸሎቱን ማቋረጥ ስለሚሆን መተዉ እንደሚገባ ጻፉ። የፖላንዷ ክራኮቭ ረቢ ሞሼ ኢሴርለስ ደግሞ ክልክል አይደለም የሚሉ መኖራቸውንና በአገራቸው ልማዱ የጸና መሆኑን ከሥሩ አከሉበት። በብዙ የስፋራድ ምኩራቦች ፒዩት ከቡራኬው ውጭ የሚዜመውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ የይስሐቅን መታሰር የሚተርከውና የእናቱን የሣራን ኀዘን የሚያነሣው ፒዩት፣ ለምሳሌ፣ የሚሰማው ሾፋር (የቀንድ መለከት) ሊነፋ ሲል ነው።

እኅትዎ ግን አንድ ነገር ትያዝ፦ እኚሁ ረቢ ሞሼ ፒዩት በሚባልበት ቦታ ሰው ከማኅበሩ ተለይቶ በሌላ ነገር፣ የኦሪት ጥናት እንኳ ቢሆን፣ እንዳይጠመድ አዝዘዋል። ስለዚህ በቆመችበት ምኩራብ ልማድ ትጸልይ።

የአያቶችዎ የግዕዝ ጸሎት ከሁለቱም አይመደብም። የቤተ እስራኤል ቄሶች ከትውልድ ትውልድ እየተቀባበሉ ያቆዩት፣ የራሱ ዜማ ያለው ሥርዓት ነው፤ በስግድ (በቤተ እስራኤል ዓመታዊ በዓል) ዕለት ዛሬም ኢየሩሳሌም ላይ ይሰማል። ከቤተሰብዎ ዜማውን የሚያውቅ አረጋዊ ካለ፣ እባክዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ አጠገባቸው ተቀምጠው በስልክዎ ይቅረጹላቸው።