ሁሌ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ» የሚሉኝ ለምንድነው?

ጥያቄ፦ ራሴን ባመመኝና በደከመኝ ቁጥር ክሊኒክ ሄጄ ደም እሰጣለሁ። ውጤቱ ሁሌ አንድ ነው፤ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ»። መድኃኒቱን ጨርሼ ትንሽ ቆይቼ ስመረመር አሁንም አለ። የመጨረሻው ወረቀት «ኦ 1፡80፣ ኤች 1፡160፣ ኦኤክስ19 1፡80» ይላል። ትኩሳት የለኝም። ለምንድነው የማይለቀኝ? ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ የምጠረጥረው ምርመራውን ነው። ደምሽ ላብራቶሪ ከገባ በኋላ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ፣ ቁጥሩ ያኔ ይገባሻል።

ደሙ መጀመሪያ እንዲረጋ ይተዋል። ከዚያ ማሽን ላይ ሲሽከረከር ቀዩ ይዘቅጥና ከላይ ቢጫ ፈሳሽ ይቀራል። ሴረም የሚባለው እሱ ነው፣ አንቲቦዲዎችሽም፣ ማለትም ሰውነትሽ ጀርም ለመከላከል የሚሠራቸው ነገሮች፣ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። አንድ ጠብታ ሴረም ስላይድ ላይ ይደረግና ከሞተ የታይፎይድ ባክቴሪያ የተዘጋጀ፣ ቀለም የገባበት አንቲጂን (አንቲቦዲው የሚይዘው የጀርሙ አካል) ይጨመርበታል። ተደባልቆ 1 ደቂቃ ያህል ይወዛወዛል። አንቲቦዲ ካለ ባክቴሪያዎቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸውና በደንብ ያልተማሰለ ሽሮ እንደሚጓጉለው ጓል ጓል ይላል። ከሌለ እንደተበጠበጠ ይቀራል። በቃ፣ ዊዳል የሚባለው ምርመራ ይሄ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ካስተዋወቀው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ያቺ 1 ደቂቃ ቀላል ነገር አይደለችም። ባለሙያው ሌላ ሰው ደም ሊቀዳ ሄዶ ቆይቶ ቢመለስ፣ ጠብታው ከዳር ዳር እየደረቀ የጓጎለ ይመስላል፣ ጤነኛው ሰው «ፖዘቲቭ» ተብሎ ይሄዳል። ደግሞ ስላይዱ ላይ የጓጎለው ሴረም በጨው ውሃ እጥፍ በእጥፍ እየቀጠነ፣ 1፡20፣ 1፡40፣ 1፡80 እየተባለ በቱቦ መታየት አለበት። 1፡160 ማለት ሴረሙ 160 እጥፍ ቀጥኖም አጓጉሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም፤ የሚያየው ሰውነትሽ ለባክቴሪያው ያዘጋጀውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ከዳንሽ በኋላም ለወራት፣ በተለይ «ኤች» የሚባለው ለዓመታት ሊቆይ ይችላል (ወረቀትሽ ላይ ያሉት «ኦ» እና «ኤች» ለታይፎይዱ ባክቴሪያ የተለያዩ ክፍሎች የሚወጡ አንቲቦዲዎች ናቸው)። የታይፎይድ ክትባት ከወሰድሽም ይወጣል፣ ዘመድ የሆኑ ሌሎች የሳልሞኔላ ዝርያዎች፣ ወባ ጭምር ሊያስወጡት ይችላሉ። እንደኛ አገር በሽታው በሚዘወተርበት ቦታ ደህና ሰውም 1፡80 ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ጨርሰሽ «ለቆኝ እንደሆን» ብለሽ ዊዳል መመርመር ገንዘብሽን ከማባከን በቀር የሚነግርሽ ነገር የለም። ከአንድ ውጤት ትንሽ የሚሻለው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለቴ ተመርምሮ ቁጥሩ አራት እጥፍ ማደጉን ማየት ነው። ይሄን ሲያደርግ ያየሁት ክሊኒክ ግን ጥቂት ነው።

ኦኤክስ19 የሚለው ደግሞ ጭራሽ የታይፈስ ጀርም አይደለም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። ከታይፈሱ ጀርም ጋር የሚመሳሰል አንቲጂን ስላለው ብቻ እ.ኤ.አ. በ1916 ዌልና ፌሊክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ለምርመራ ተጠቀሙበት። ፕሮቲየስ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ እሱ ራሱ ውጤቱን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ ይገባል፣ ወረርሽኝ የሚያስነሳው ታይፈስ የሚተላለፈው በልብስ ቅማል ነው። ሁለቱም ባንዴ፣ ያውም ያለ ትኩሳት፣ በየጊዜው ይዘውሽ ነበር ማለት ለማመን ይከብደኛል።

ይህን ስላልኩሽ ግን ታይፎይድን አትናቂ። ትኩሳት ቀን በቀን እየጨመረ ከሄደ፣ ሆድሽን ካመመሽ ቤት አትቀመጪ፤ ካልታከመ አንጀት እስከመብሳት ይደርሳል። ያኔ አንቲባዮቲክ ከመጀመርሽ በፊት የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ) ይሠራልኝ በይ፣ ወባም ይታይ። ካልቸር ቀናት ይወስዳል፣ ከታማሚዎቹም ግማሽ ያህሉን ነው የሚይዘው፣ ከያዘ ግን ያገኘው ራሱን ባክቴሪያውን ነው፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ያሳያል። አሁን ላለብሽ ድካምና ራስ ምታት ሐኪሙ ደም ማነስሽን፣ የደም ግፊትሽንና ዓይንሽን ይይልሽ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ለጨጓራ ባክቴሪያ የ14 ቀን መድኃኒት ጨረስኩ። በደም ስመረመር አሁንም ፖዘቲቭ ነው አሉኝ። እንደገና ልዋጥ? ከደሴ

መልስ፦ አባቴ፣ በዚህ ውጤት ብቻ አይዋጡ። የደሙ ምርመራ እዚህም አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው፣ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ይላል። የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ይጠይቁ። እሱ የሚይዘው የባክቴሪያውን የራሱን አካል ስለሆነ አሁን መኖር አለመኖሩን ይናገራል። አንቲባዮቲኩን ከጨረሱ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት) ካቆሙ ደግሞ 2 ሳምንት ይለፈው፣ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «ነጋቲቭ» ሊል ይችላል። ጨጓራዎ ከዚህ በፊት ደምቶ ወይም ቆስሎ የሚያውቅ ከሆነ ግን ኦሜፕራዞሉን በራስዎ አያቁሙ፣ መጀመሪያ ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ።