ኮሌጁን ትቼ አዲስ አበባ ጂም ልግባ ወይ?

ውድ እህታችን፣ ከመሐል ሜዳ መጥተሽ በደብረ ብርሃን ኮሌጅ የስፖርት ሥልጠና እየተከታተልሽ መሆኑን፣ አንድ ዘመድሽ ግን «ዕድሜሽን አታባክኚ፤ አዲስ አበባ ጂም ገብተሽ ሥሪ» እንዳሉሽ ጽፈሽልናል። መምህራንሽ ማርክ ከመስጠት አልፈው ለወደፊት እንጀራሽ ምን እንደሚፈይዱም ጠይቀሻል። ምክሬ የጀመርሽውን ጨርሺ ነው። ሆኖም ቆይታሽ ፍሬ የሚኖረው ከመምህራኑ ቢያንስ አንዱን ቀርበሽ፣ ስትሠሪ ቆሞ እንዲያይሽና እንዲያርምሽ ካደረግሽ ነው።

የእንቅስቃሴ ዓይነቶችን፣ የጡንቻዎችን ስምና የሳምንት ፕሮግራም አወጣጥን ከመጽሐፍም ከስልክም መማር ይቻላል፤ የሚንቀሳቀስን ሰው አይቶ ችግሩን መለየት ግን አጠገብ ቆሞ ከሚያሳይ ሰው የሚገኝ ችሎታ ነው። አንዲት እናት ቁጭ ብድግ ሲሠሩ ተረከዛቸው ከመሬት ይነሳል እንበል። ጀማሪ አሰልጣኝ «ተረከዝዎን አያንሱ» እያለ ይደጋግማል። ልምድ ያለው መምህር ግን ከተረከዛቸው ሥር ስስ ጣውላ ያስገባና እንደገና እንዲሠሩ ያደርጋል፤ አቀማመጣቸው ወዲያው ከተስተካከለ ቁርጭምጭሚታቸው እንደ ልብ አለመታጠፉን ይጠረጥራል፣ ካልተስተካከለ ደግሞ ዳሌያቸውንና የእግራቸውን ጥንካሬ ወደ ማየት ያልፋል። ይህን አጠገቡ ሆነሽ ካየሽና በሌላ ጊዜ እርሱ እያየሽ ራስሽ ከሞከርሽው፣ የትም ብትቀጠሪ አብሮሽ የሚሄድ ዕውቀት ይሆናል።

የአካባቢውን ጠባይ የሚያውቅ መምህርም ሌላ ጥቅም አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ሰሞኑን የወጣ ሰው እዚህ ሲሮጥ ትንፋሽ ቶሎ ያጥረዋል፣ በለመደው ፍጥነት እንኳ የልብ ምቱ ከወትሮው ይጨምራል። ነባሩ አሰልጣኝ ሰውየውን እያሮጠ ያነጋግረዋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መጨረስ ካቃተው ፍጥነቱን ያስቀንሰዋል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ ደረት ሕመም፣ ስለ ማዞርና ስለ ደም ግፊት መጠየቅን፣ አስፈላጊ ሲሆንም «መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት» ብሎ መመለስን የምትለምጂውም ከእንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንን ነው፤ ደንበኛን መጉዳት ለአሰልጣኝ ከባድ ነገር ነውና።

መምህር የሰውን ሙያ ምን ያህል ሊያቀና እንደሚችል ለማየት ብዙ ታዋቂ ሯጮች የወጡባትን የአርሲዋን ከተማ በቆጂን ማሰብ ይበቃል። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አቶ ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ።

ወደ መምህርሽ ስትቀርቢ «መካሪ ይሁኑኝ» ብሎ በደፈናው መጠየቅ እርሳቸውንም ያስጨንቃል። ይልቅ «የነገውን ማሟሟቂያ እኔ ልምራውና ጉድለቴን ይንገሩኝ» በያቸው፤ ያረሙሽን ጽፈሽ ያዢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ማስተካከልሽን አሳዪ። እንዲህ ያየሽ መምህር ቀጣሪ ሲጠይቀው ስለ አንቺ የሚናገረው ተጨባጭ ነገር ይኖረዋል። ሴት አሰልጣኝ ወይም መምህርት ካለች እርሷንም ቅረቢ፤ ብዙ ሴቶች በሴት አሰልጣኝ መሠልጠን ስለሚመርጡ፣ ከእነርሱ ጋር እንዴት እንደሚሠራ የምታስተምርሽ እርሷ ናት። ምክሩን ከሥልጠና ቦታ ውጭ ለብቻሽ በመገናኘት ላይ የሚያስር ሰው ካጋጠመሽ ግን ያለ ይሉኝታ ራቂው፣ ለኮሌጁም አሳውቂ።

የዘመድሽን ሐሳብም አልጥለውም፤ የጂም ሥራ ደንበኛን መቀበልና ማቆየት ያስተምራል። ችግሩ ሥራ በሚበዛበት ጂም አዲስ ገቢን ቆሞ የሚያርም ሰው ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ስለዚህ የትብብር ሥልጠናሽን (ከኮሌጁ ውጭ በሥራ ቦታ የምታደርጊውን የተግባር ልምምድ) እና የክረምቱን ዕረፍት ለዚያ አውዪው፤ ግራ ያጋቡሽን ደንበኞች ሁኔታ ስማቸውን ሳትጠቅሺ መዝግበሽ መስከረም ላይ ለመምህርሽ አቅርቢ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውንም ከዚያ በኋላ ውሰጂ።