የባሕር አረም ተስፋ ለእምቦጭ ይሠራልን?

ከደብረ ማርቆስ የጠየቅኸን ወንድማችን፣ «የባሕር አረም ጭማቂ ተውሳክንና ባክቴሪያን ይገድላል ይባላል፤ እኛ ባሕር ስለሌለን በጣና እምቦጭ ብሞክርስ?» ብለሃል። ባሕር ዳር ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ።

ሞክር፤ ነገር ግን በባሕር አረም የታየውን ውጤት ከእምቦጭ አትጠብቅ። ብዙ የባሕር አረም ከጨዋማው ውኃ ብሮሚንና ክሎሪን እየወሰደ መከላከያ ኬሚካል ይሠራል፤ እምቦጭ ግን አበባ የሚያወጣ የሐይቅ ተክል ነው። ደግሞም ከባድ ብረቶችን መጥጦ በሥሩ ያከማቻል። ባክቴሪያው ቢሞት የገደለው የተክሉ ኬሚካል ይሁን ብረቱ ሳይለይ ደስ አይበልህ።

ተክሉን በጥላ አድርቅና ፍጨው፤ በተለያዩ ማሟሚያ ፈሳሾች፣ መጀመሪያ በሄክሴን፣ ቀጥሎ በኢታይል አሲቴት፣ በመጨረሻ በሜታኖል ዘፍዝፈው። ባክቴሪያ በሚበቅልበት አጋር በተባለ የረጋ ምግብ ላይ ጭማቂ የነካ ወረቀት አስቀምጦ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ መለካት ርካሽ ነው፤ ቅባትነት ያለው ጭማቂ ግን በአጋር ውስጥ ስለማይሰራጭ ያታልላል። ጭማቂውና ባክቴሪያው በፈሳሽ የሚቀላቀሉበት ባለ 96 ጉድጓድ ትንሽ የላቦራቶሪ ሳህን ይሻላል። ሬዛዙሪን የተባለ ቀለም ጨምረህ ስታየው ሰማያዊ የቀረው ጉድጓድ ባክቴሪያ አላደገበትም፤ ሮዝ የሆነው አድጎበታል። አረንጓዴ ጭማቂ ብዙ የገባባቸውን የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች ስለሚያጠቁር ከእነርሱ ጠብታ ወስደህ በንጹሕ አጋር ላይ ዝራና በማግስቱ እየው። የገደለው ማሟሚያው ራሱ እንዳይሆን፣ ጭማቂ ሳይኖር ማሟሚያው ብቻ ያለበት ጉድጓድም አይቅርብህ። ጥሬ ጭማቂ በሚሊ ሊትር ከ100 ማይክሮ ግራም በታች ካልሠራ ብዙም አትድከምበት።

አጥብቄ የምለምንህ ግን ሌላ ነው፤ ከተውሳኩ ጎን ለጎን በሰው ሕዋስ ላይም ፈትን። ሕዋሱን የሚጎዳው መጠን ተውሳኩን ከሚገድለው ቢያንስ 10 እጥፍ ካልበለጠ፣ ያገኘኸው መድኃኒት ሳይሆን መርዝ ሊሆን ይችላል። ጃፓኖች ለወስፋት ይጠጡት የነበረው ዲጄኒያ የተባለ ቀይ የባሕር አረም ትሉን የሚያስወጣው ካይኒክ አሲድ ስላለው ነው፤ ይኸው አሲድ የነርቭ ሕዋስን እንደሚጎዳ ኋላ ታውቋል። ኮሶም የጠጪውን አንጀት እንደሚያተራምስ እናቶቻችን ያውቃሉ። ከጎጃም ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በካላዛር፣ የአሸዋ ዝንብ በምታስተላልፈው የተውሳክ በሽታ፣ የሚታመም ወጣት የሚወጋው የአንቲሞኒ መርፌ ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። ለእርሱ ሌላ መርዝ ልንጨምርበት አይገባም።

ሕዋስ ማሳደጊያ ከሌላችሁ፣ ካለው ላቦራቶሪ ጋር አስቀድመህ ተስማማ፤ ከአንዱ ጭማቂ ግማሹን ለእነርሱ ላክ፣ ግማሹን አንተ ሥራበት።