ለሚያጨስ ሰው የቤታ ካሮቲን እንክብል

ጥያቄ፦ አባቴ 61 ዓመታቸው ነው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲጋራ ያጨሳሉ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ካንሰር ይከላከላል ብላ የቤታ ካሮቲን (ካሮት ውስጥ ያለ፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር) እንክብል ልካላቸዋለች። ይውሰዱት? ካሮት መብላትስ?

መልስ፦ እንክብሉን አይውሰዱ። ጀምረውት ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች ተጠንተው በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ በቀን 20 ሚሊግራም ቤታ ካሮቲን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥም 30 ሚሊግራም ከቫይታሚን ኤ ጋር የተሰጠበት ጥናት ጭማሪው 28 በመቶ ሆኖ በመታየቱ፣ ከታቀደለት 21 ወር ቀድሞ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። ምክንያቱ ጢስ ባቆሰለው ሳንባ ውስጥ ብዙ ቤታ ካሮቲን ሲከማች ተሰባብሮ ጎጂ ውህዶች ስለሚፈጥር ነው ተብሎ ይታሰባል።

ምን ያህል ቤታ ካሮቲን እንዳለው ለማወቅ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቢ። 25,000 አይዩ (IU፣ የቫይታሚን መለኪያ) ቤታ ካሮቲን ማለት 15 ሚሊግራም ነው። መልቲ ቫይታሚን ከሆነም «ቫይታሚን ኤ» የሚለውን መስመር ሳታዪ አትለፊ፤ ብዙ ጊዜ ቤታ ካሮቲኑ የሚጻፈው እዚያ ነው።

ካሮትና ጎመን ግን ይብሉ፤ እንዲህ ያለ ጉዳት የታየው በእንክብሉ እንጂ በምግቡ አይደለም። በስሱ ዘይት ይቁላላቸው፤ ቅባት ከሌለ አንጀት ቤታ ካሮቲንን በደንብ አይመጥም።

የካንሰር ስጋታቸውን በእውነት የሚቀንሰው ሲጋራውን ማቆም ነው፤ በ61 ዓመትም ይጠቅማል። ከሦስት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለባቸው ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው።