ለክትትል የመጣ ሰውና በኋላ የተጎዳ ሰው

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ቀን ካርድ ክፍል እየሠራሽ ማታ ማታ የአሜሪካኖቹን ሜዲካል ኮዲንግ (በሽታንና ጉዳትን በኮድ መመዝገብ) በኦንላይን እንደምትማሪ ነግረሽኛል። ያስቸገረሽ መለማመጃ ይህ ነው፦ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በኒውክሌር መሣሪያ በተፈጸመ የሽብር ጥቃት ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ደርሶበታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቁስሉ እየዳነ ሳለ፣ ድሬሲንግ (የቁስሉን ማሸጊያ) ለማስቀየር መጣ። አንቺ ዜድ48.00ን አስቀድመሽ ዋይ38.9ኤክስ1ዲን አስከተልሽ፤ ሁለቱም ስህተት ተባሉ። አብሽሪ፣ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጥያቄ ነው።

መልሱ ቲ22.211ዲ (ቃጠሎው)፣ ቀጥሎ ዋይ38.5ኤክስ1ዲ (ያደረሰው የሽብር ጥቃት) ነው። (ፊደሎቹን በአነባበባቸው ነው የጻፍኩልሽ፤ ስታስገቢ በላቲን ነው።)

ዋናው ያሳሳተሽ ዋይ38.9 ነው። «የሽብር ተከታይ ጉዳት» የሚል ስለሆነ ለቀጠሮ ተመላላሽ የተሠራ ይመስላል። ሐረጎ ላይ መኪና ተገልብጦ እግሩ የተሰበረ ሰው በወሩ ለቀጠሮ ደሴ ቢመጣ፣ ጉዳቱ ያው የግልበጣው ነው። በማግስቱ መኪናውን ሊያወጣ ገደል ወርዶ ናዳ የመታው ሰው ግን ሌላ ጉዳት ነው የያዘው። ዋይ38.9 ለዚህኛው ነው፦ ጥቃቱ ካለፈ በኋላ ፍርስራሽ ሲያነሳ ግድግዳ ለተጫነው። ያንቺ ሰውዬ በራሱ በጥቃቱ ነው የተቃጠለው፤ ዘግይቶ የመጣው እሱ እንጂ ጉዳቱ አይደለም። ሁለቱም የደረሰበት ሰው ከመጣ ሁለቱን ኮዶች አብሮ መጻፍ ይፈቀዳል።

ኮዱን ስትበትኚው 5ቱ የኒውክሌር መሣሪያ ነው፤ ፍንዳታውም፣ ሙቀቱም፣ ጨረሩም እዚያው ውስጥ ናቸው። ኤክስ ቦታ መያዣ ብቻ ነው። 1 የሕዝብ ደኅንነት ሠራተኛ፣ 2 ሲቪል፣ 3 ራሱ ጥቃት አድራሹ። የመጨረሻዋ ፊደል ከቃጠሎው ኮድ ፊደል ጋር ትስማማ። ዋይ የሚል ኮድ ደግሞ ምንጊዜም አንደኛ ሆኖ አይጻፍም።

ዜድ48.00 ለድሬሲንግ መቀየር የተሠራ ኮድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ ራሱ ሰባተኛ ፊደል ካለው ክትትሉን የምትናገረው ዲ ናት፣ ዜድ አይገባም።

ኤን (ዋናው ሕክምና) እና ዲን (ክትትል) ስትለዪ ሰውዬው ስንት ጊዜ እንደመጣ አትቁጠሪ። ለአምስተኛ ጊዜ ቢመጣም ቆዳ ሊተከልለት ከሆነ ገና ዋናው ሕክምና ላይ ነው፣ ኤ ትጽፊያለሽ። ቁስሉ አልድን ያለ ከሆነም እንደ ትኩስ ቃጠሎ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የቀጠሮውን ቀን ከማየትሽ በፊት የሐኪሙን ማስታወሻ አንብቢ። ቦታውን የሚናገረው ዋይ92 ደግሞ በመጀመሪያው ሕክምና አንዴ ተጽፎ አልቋል፤ ለክትትል አትድገሚው።

«ኒውክሌር» የሚለውን አይተሽ የጨረር ሕመምን ከራስሽ እንዳትጨምሪ። ሐኪሙ ከጻፈው ቲ66.ኤክስኤክስኤክስዲ ይጨመራል። ለደም ምርመራ ስለተመላለሰ ብቻ ግን አይጨመርም፤ ጨረር ያገኘው ሰው ሕመም ባይታይበትም የነጭ ደም ሴሉ ብዛት ይመረመራል። ግልጽ ካልሆነልሽ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

ከዓመታት በኋላ በጠባሳው ቢመጣስ? ያኔ ጠባሳው ይቀድማል፦ ኤል90.5፣ ከዚያ ቲ22.211ኤስ፣ ከዚያ ዋይ38.5ኤክስ1ኤስ። ጉዳቱ ትቶት ለሄደው ችግር የሚጻፈው ኤስ የጊዜ ገደብ የለውም።

በዋይ38 ላይ ፈተና የሚወድ አንድ ሕግ አለ። ሽብር መሆኑን የሚወስነው ኮደሯም ሐኪሙም አይደሉም፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት፣ ማለትም ኤፍቢአይ፣ ሽብር ነው ማለት አለበት። መዝገቡ «ሽብር ሳይሆን አይቀርም» የሚል ከሆነ ዋይ38ን ትተሽ ከኤክስ92 እስከ ዋይ09 ወዳሉት የጥቃት ኮዶች ትሄጃለሽ።

ዋይ38ን ካርድ ክፍላችሁ ባለው መጽሐፍ ፈልጌ አጣሁት ላልሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅቱ የበሽታዎች መለያ ኮድ፣ አይሲዲ-10፣ ስለሆነ ነው። እሱ ዋይ36 ላይ የጦርነት ጉዳትን ይዞ ወደ ዋይ40 ይዘላል፤ ዋይ38ም ሆነ ኤ፣ ዲ፣ ኤስ የአሜሪካኖቹ የአይሲዲ-10-ሲኤም ጭማሪ ናቸው። ለፈተናው በየዓመቱ ጥቅምት 1 በፈረንጆቹ የሚታደሰውን የእነሱን እትም ያዢ።