የኦርኪድ ቅጠል ነጠብጣብ፦ ጠይቁ፣ ይመለሳል

መልስ፦ ደህና አመሻችሁ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ኦርኪድ አሳዳጊዎች። ከየጥያቄው ፊት ያለው የጠያቂው ሰፈር ወይም ከተማ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡና እዩ። ነጠብጣቡን በጣት ንኩ። ዙሪያውን በእስክሪብቶ ክበቡትና በማግስቱ ክቡን አልፎ እንደሆነ ተመልከቱ።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ የኔ ኦርኪድ ላይ ጥቁር ነገር ወጥቷል። ምንድን ነው?

መልስ፦ ደረቅ ነው እርጥብ? ከላይ ነው ከስር? እሱን ሳትነግሪኝ ምን ልበልሽ?

ከኮምቦልቻ፦ በመስኮቱ በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ላይ ነጣ ያለ ደረቅ ጠባሳ አለ። አይሰፋም።

መልስ፦ ፀሐይ ነው። ስስ መጋረጃ ጋርጅበት። ቅጠሉን አትቁረጪ፣ አረንጓዴው ክፍል ገና ይሠራል። ጠባሳው ግን አይጠፋም።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ የኔ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፣ ዳሩ ቢጫ ነው። ትናንት ትንሽ ነበር፤ ዛሬ የቅጠሉን ግማሽ ያዘ።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! ይሄ ባክቴሪያ ነው፤ ለነገ አይባልም። ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለይው። የታመመውን ቦታ አልፈህ፣ ከጤነኛው ክፍል ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ጨምረህ ቁረጥ። ምላጩን ከመቁረጥህ በፊትም በኋላም በእሳት አግለው። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቀረፋ ነስንስ፣ ሥሩን ግን እንዳይነካ፤ ያደርቀዋል። ሕመሙ መሃል ላይ ካለው ቡቃያ ከደረሰ ተክሉን ማትረፍ ይከብዳል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። እዚህ ቤት ውስጥ የምታሳድጉት አብዛኛው ፋሌኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ነው፤ ዘሩ ከሞቃታማው እስያ ነው። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ አይመቸውም። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ማታ ቅጠሉ ላይ የፈሰሰ ውሃ ሳይደርቅ ያድራል፣ በክረምቱ ደግሞ ይብሳል። ባክቴሪያው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ውሃ ጠዋት ብቻ፣ ለብ ያለ። ቀዝቃዛ ውሃ ራሱ ቅጠሉን ያጎደጉደዋል፤ ብዙዎቻችሁ በሽታ የምትሉት እሱን ነው።

ከኮምቦልቻ፦ እኛ ጋ ሌሊቱም ሞቅ ይላል። ደሴዎች ብርዱ ፈጃችሁ!

ከገራዶ፦ እናንተ ጋ ወርዶ ላብ ከማላብ ብርዱ ይሻለናል።

ከሰኞ ገበያ፦ ቀረፋ ምን ያደርጋል? እናቴ አመድ ነው የምትነሰንሰው።

ከገራዶ፦ አመድማ ለጎመን ነው!

ከሰኞ ገበያ፦ ለጎመን የሆነ ለአበባ አይሆንም ያለው ማነው?

መልስ፦ እኔ ነኝ ያልኩት። አመድ ኦርኪድ ላይ አታድርጉ። የአገር ክርክሩን ለቡና ሰዓት አቆዩት።

ከሆጤ፦ ማዳበሪያስ የትኛው ጥሩ ነው?

መልስ፦ ዛሬ ነጠብጣብ ነው።

ከፒያሳ፦ ቅጠሉ ስር የጎደጎደ ጥቁር መስመር አለ። አበባውም ዝንጉርጉር ሆኖ ወጣ። ከጎረቤቴ ጋር በአንድ መቀስ ነው የምንቆርጠው።

መልስ፦ መቀሱ! ሁልጊዜ የምለው ይሄን ነው። ሲምቢዲየም ሞዛይክ የሚባል ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ምርመራ ይጠይቃል። መድኃኒት ግን የለውም። ምልክት ሳያሳይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በመቀስ ላይ በቀረ የቅጠል ፈሳሽ ከቤት ቤት ይዞራል። ተክሉን ለብቻው አድርጊው፣ ጎረቤትሽንም ንገሪያት። መቀሱን በእሳት አግሉት፤ ካልሆነም አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ዘፍዝፉት። በአልኮል መጥረግ ለቫይረስ አያስተማምንም።

ከመናፈሻ፦ ደረቅ፣ የጎደጎደ፣ በውስጡ ክብ በክብ የሆነ ነጠብጣብስ?

መልስ፦ ፈንገስ ይመስላል። ቁረጪው፣ አየር እንዲያገኝ አድርጊ። ምላጩን በእሳት።

ከአራዳ፦ ሰላም ጋሼ፣ የኔም ላይ ጥቁር ነገር ወጣ...

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ከገራዶ፦ ቅጠሉ ስር የሚያጣብቅ ጠብታ አየሁ።

መልስ፦ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወይም ቡናማ ቅርፊት ካለበት ነፍሳት ናቸው። ጥጥ አልኮል ነክረሽ ጥረጊያቸው። ምንም ከሌለ ተክሉ ራሱ የሚያወጣው ነው፣ ተይው።

ከገራዶ፦ አልኮል አያስተማምንም አላሉም እንዴ?

መልስ፦ ለቫይረስ ነው ያልኩት! ለነፍሳት ይሆናል። ለምላጭ እሳት።