በትልቅ ውድድር ላይ የማይታይ ጫማ ሁሉ መጥፎ አይደለም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ማታ አየሁት። «በቴሌቪዥን የማየው ሁለት ሦስት ብራንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ የማይታዩት ጥራት ስለሌላቸው ነው? ፒያሳ የሳሎሞን ጫማ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልከው። እኔም እንዳንተ አስቤ 14 ሺህ ብር ከስሬያለሁ። ውድድርም አበላሽቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገርህ።

1ኛ፦ ታዋቂ አትሌት ሱቅ ገብቶ ጫማ አይመርጥም። ኮንትራት አለው። የፈረመለት ድርጅት የሰጠውን ነው የሚያደርገው። ናይኪ፣ አዲዳስና አሲክስ ብዙ ሯጭ ስለሚያስፈርሙ መስመሩ ላይ እነሱ ይበዛሉ። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ማራቶን ላይ 2፡11፡53 ስትገባ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። እንዲህ ያለ ጫማ የሚሠራው ለማራቶን ቀን ነው፤ ዝናብ ላጠበው የጎንደር አዘዞ ኮረት አይደለም። ሳሎሞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 ፈረንሳይ አገር የበረዶ ሸርተቴ ዕቃ በመሥራት የተጀመረ ድርጅት ነው። ልቡ ተራራ ላይ ነው። የተራራ ሩጫ ተመልከት፣ ሞልቶ ታገኘዋለህ። ትራክ ላይ የማታየው ገንዘቡንና እውቀቱን ሌላ ቦታ ስላዋለ ነው።

2ኛ፦ ሕግ አለ። እኔን የበላኝም ይሄ ነው።

2014 ዓ.ም. ላይ ለ10 ሺህ ሜትር ውድድር አዲስ አበባ ልሄድ ነበር። አሰልጣኜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያገለገለ ስፓይክ (ሶሉ ላይ ሹል ጥርስ ያለው የትራክ ጫማ) በ3 ሺህ ብር አገኘልኝ። ብራንዱን ማንም ሲያሸንፍበት አይቼ አላውቅም። እግሬ ላይ ግን ልክክ ብሎ ነበር። «ጋሼ፣ በዚህ ማን ሮጦ ያውቃል?» አልኩት። «አንተ ትሮጥበታለህ» አለኝ። እምቢ አልኩ። ከወንድሜ ተበድሬ፣ ሻምፒዮኖቹ ጎዳና ላይ የሚያደርጉትን ወፍራም ሶል ያለውን ጫማ ገዛሁ። ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የሄድኩት።

ዳኛው ጫማውን ተቀብሎ ለካውና ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «39 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ አትሮጥም።» እኛ ጎንደር ጫማ ሲለካ አይቼ አላውቅም። ትሁት ሆኜ «ጌታዬ፣ የሚፈቀደው ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሕጉን ሳታውቅ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝና ወንበሩን አዙሮ ወሬውን ቀጠለ። ያቺ የወንበር ሲጢጥታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ቁጥሩን መናገር ምን ይከብደው ነበር? ክለባችንስ ወረቀቱን ቢለጥፍልን ምን ነበረበት?

ቁጥሩን እኔ ልንገርህ። ጎዳና ላይ ሶሉ ከ40 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፣ ሶሉ ውስጥ ያለው ጠንካራ ዝርግ ንጣፍም (ፕሌት የሚሉት) ከአንድ አይበልጥም። ትራክ ላይ ያኔ ለ10 ሺህ ሜትር 25 ሚሊ ሜትር ነበር። ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም የትራክ ሩጫ 20 ሆኗል። ሲለካ የውስጡ ገበርም ይቆጠራል፤ ከውጭ በማስመሪያ ለክተህ እንዳትሸወድ። ጫማው የስፖርቱ የበላይ አካል በሆነው በዓለም አትሌቲክስ የጸደቀ ዝርዝር ውስጥም መኖር አለበት። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ አለ። አንዳንድ ብራንድ የማይታይበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ለትራክ ጫማ ሠርቶ ካላጸደቀ በሩ ላይ ይቀራል። ደራራ ሁሪሳን አስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ ሶሉ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ስለተገኘ ድሉን ተነጠቀ። ያን ዜና እኔም ሰምቼ ነበር፤ ለእኔ የሚሆን አልመሰለኝም።

አንድ የባሕር ዳር ልጅ ስፓይኩን አዋሰኝ። በአንድ ቁጥር ያንሰኛል። 25 ዙር ነው። ከ14ኛው ዙር በኋላ የቀኝ አውራ ጣቴ መንደድ ጀመረ፣ ስጨርስ ካልሲው ደም ነበር። ጥፍሩ በሳምንቱ ወለቀ። ግን አላቋረጥኩም። 11ኛ ወጣሁ። በጋሼ ስፓይክ ብሮጥ ከ5 ውስጥ እገባ እንደነበር ዛሬም አምናለሁ።

ወደ አንተ ልመለስ። የምትሮጠውን አልጻፍክም፤ እንደ እኔ የትራክ ሰው ከሆንክ ግን ለውድድር ስፓይክ ያስፈልግሃል፣ ሳሎሞኑ አይሆንህም። ለጎሃ አቀበትና ለኮረት ልምምድ ከሆነ፣ ኦርጂናል መሆኑን አረጋግጠህ ግዛው። ስትሞክረው ከልምምድ በኋላ ይሁን፤ ያን ጊዜ እግር ያብጣል። ባለ ሱቁ «ይሄ የእገሌ ጫማ ነው» ቢልህ አትስማው፣ ጣትህን ስማ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት አዘዞ ሜዳ ላይ ልጆቼን አሠራለሁ። ገና ካልከፈልክ ጫማውን በአደራ ይዘህ ና። መለኪያ አለኝ፣ አብረን እንለካዋለን።